የጄት ጀልባዬ ሆድ ውኃ ይይዛል፤ ከመክደኛው ነው ወይስ ከሌላ?

ጣና_ዳር · ጥር 18

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የመድረኩ ወዳጆች። ባሕር ዳር ነኝ። ባለፈው ዓመት ሰባት ሰው የምትይዝ ያገለገለች ጄት ጀልባ ገዝቼ ወደ ዘጌ ሰው አመላልስባታለሁ። ከሥሯ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ስለሌላት የዳርቻው ድንጋይ ብዙ አያሰጋኝም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ውኃው ሳሳ ባለበት ትገባለች። እስከ ገና ሰሞን ድረስ ደስ ብሎኝ ሠርቼባታለሁ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከኋላ በኩል ዝቅ ያለ ገበታ አለ። በገበታው ላይ ሁለት መክደኛዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የጀልባዋን ሆድ የሚከፍተው አራት ማዕዘን መክደኛ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ውኃ ስቦ ወደ ኋላ እየወረወረ ጀልባዋን የሚያስኬደውን ፓምፕ ጉሮሮ ሣር ሲይዘው በእጅ የምናጸዳበት ክብ መክደኛ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከሆዷ ውኃ አይጠፋም። ከትናንት በስቲያ ከዘጌ ስመለስ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዳሁ። በመክደኛው ዙሪያ ሲሊኮን ሁለት ጊዜ ቀብቻለሁ፤ ለሁለት ቀን ያህል ይቆምና ተመልሶ ይመጣል። ሰው የምጭንባት ጀልባ ናትና እንቅልፍ ነስቶኛል። ከየት ልጀምር?

ቡሬ_ዳሞት · ጥር 18

ወንድሜ፣ ውኃ የማይገባበት ጀልባ የለም። ከሆዷ ውኃ የሚያወጣ ጠንከር ያለ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ግዛ፤ ውኃው ከፍ ሲል ራሱ የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያም ግጠምለት። እኔ በሰዓት 500 ጋሎን የሚያወጣ አለኝ፤ ይህ ወደ 1,900 ሊትር ማለት ነው። ሁለት ጀሪካን ለእሱ ምንም አይደለም።

አሮጌ_ሞተር · ጥር 18

ፓምፕ መኖሩ ግዴታ ነው፤ መድኃኒት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውኃውን ወደ ላይ ሳይገፋ፣ በአጭር ቱቦ የሚያወጣው ነው። ቱቦው ሲረዝም፣ ሲታጠፍ፣ ወደ ላይ ሲወጣና ባትሪው ሲደክም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚያወጣው። ባትሪው ያለቀ ዕለት ደግሞ ጀልባውን የያዘው ምንድን ነው?

ጣና ዳር፣ ልጄ፣ ለእነዚህ መልስ ስጠኝ። አንደኛ፣ ውኃው የሚገባው ስትጓዝ ነው ወይስ ስትቆም? ሁለተኛ፣ ሰውና ዕቃ የምትጭነው የት ነው? ሦስተኛ፣ የፓምፑን ጉሮሮ በቀን ስንት ጊዜ ትከፍታለህ? ይህን ሳላውቅ ከየት እንደሚገባ መናገር ግምት ብቻ ይሆናል።

ጣና_ዳር · ጥር 19

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ትናንት በጥንቃቄ ተከታተልሁ። ጠዋት ከባሕር ዳር ስነሣ ሆዷ ደረቅ ነበር። ዘጌ ደርሼ ወዲያው ስከፍት አሁንም ደረቅ ነው። እዚያ ሁለት ሰዓት ከቆምሁ በኋላ ግን ውኃ ተኝቶበት አገኘሁት። ሰዎቹ ገዳማቱን እስኪጎበኙ እኔና ረዳቴ ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ስመለስ የቡና ጆንያ ወይም የሎሚ ቅርጫት የሚልኩብኝ ስላሉ እሱንም ከኋላ እደረድራለሁ። የፓምፑን ጉሮሮ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እከፍታለሁ። ደንገልና ልዩ ልዩ ሣር ይገባበታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም።

አሮጌ_ሞተር · ጥር 19

ግማሹን ሥራ ራስህ ሠርተኸዋል።

ጄት ጀልባ ከታች ባለው ወንፊት ውኃ ይስባል፤ ሞተሩ የሚያዞረው ኢምፔለር ያንን ውኃ በጠባብ አፍ ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ጀልባው ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን አሠራር በ1950ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ለሥራ ያበቃው ዊልያም ሃሚልተን የኒው ዚላንድ ሰው ነበር። ያሰበው ለአገሩ ጥልቀት ለሌላቸው፣ ጠጠር ለሞላባቸው ፈጣን ወንዞች ነው። ድንጋይን ያመልጣል፤ ሣር ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ የእኛ ሐይቅ ይህን ጀልባ የሚፈትነው በሣሩ ነው። ደንገሉ የጥንት ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እንቦጩ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ታየና ተጨመረበት። ሌላ አገር ያለ ሰው ክቡን መክደኛ በወር አንድ ጊዜ ይከፍት ይሆናል፤ አንተ በቀን ሦስት ጊዜ ትከፍተዋለህ። በከፈትህ ቁጥር ጎማው ይታሻል፤ ደለሉ ከጎማው ሥር ይቀመጣል፤ ክዳኑን የያዘው ሁሉ ይነቃነቃል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ጀልባው ሲሮጥ አፍንጫው ይነሣል፣ በኋላም ከውኃው ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ዝቅተኛው ገበታ ውኃ አያገኘውም። ሲቆም ኋላው ዝቅ ይላል። ሁለት ሰው ከኋላ ከተቀመጠና ጆንያ ከተጨመረ ገበታው ከሐይቁ ወለል በታች ይሆናል፤ የሐይቁ ውኃ ከኋላ ይተኛበታል። መክደኛዎቹ በዚያ ሰዓት በውኃ ውስጥ ናቸው። ስትጓዝ የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው ዘንጉ ወደ ፓምፑ የሚያልፍበትን የማኅተም ጎማ ወይም የማቀዝቀዣውን ቱቦዎች ነበር። ስትቆም ስለሆነ የምጠረጥረው ገበታውን ነው።

መጠኑም አንድ ነገር ይነግረኛል። ከውኃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር በታች ያለ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በደቂቃ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ያስገባል፤ በሰዓት 150 ሊትር ይሆናል። አንተ በአንድ ምልልስ 40 ሊትር ነው የቀዳኸው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አትፈልግ፤ ብዙ ቀጫጭን መንገዶች ናቸው።

ጀልባዋን አውጥተህ በተሳቢ ላይ አስቀምጣት። ሆዷን በጨርቅ አድርቅ፤ ከገበታው ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ የሕፃናት ፓውደር ንፋበት። ከዚያ ገበታው ላይ ቀለም ያለው ውኃ አፍስስና በባትሪ መብራት ከሥር ተመልከት። ውኃው በፓውደሩ ላይ መንገዱን ይጽፍልሃል። አንድ ጊዜ ሁሉንም አትሙላ፤ መጀመሪያ በክቡ መክደኛ ዙሪያ ብቻ፣ ቀጥሎ በአራት ማዕዘኑ፣ በመጨረሻ በብሎኖቹ ላይ በጠርሙስ ጠብ አድርግ።

ዘጌ_ማዶ · ጥር 19

ጋሼ እንዳሉት አድርግ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ጀልባ ሁለት ወር ሙሉ አስቸግሮኝ የነበረው ውኃ የሐይቁ አልነበረም። ግቢ ውስጥ ሞተሩን በጎማ ቱቦ ሳጥብ ከተገጠመው ቱቦ ላይ አንድ የማጥበቂያ ቀለበት ልል ነበር፤ በየቀኑ እኔው ራሴ ነበርሁ የምሞላው። ስለማጠብ ከተነሣ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አጥብቃችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ ሞተር ይነሣል፣ ቀጥሎ ውኃ ይከፈታል። ሲያበቃ መጀመሪያ ውኃ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ሞተር ይጠፋል። የተገላቢጦሽ ከሆነ ውኃው በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል።

ቡሬ_ዳሞት · ጥር 20

ሲሊኮኑ ለምን እንዳልያዘ ማንም አልተናገረም። እኔ ቤት መታጠቢያ ክፍሉን ለዓመታት ይዞልኛል።

አሮጌ_ሞተር · ጥር 20

ጥያቄህ ተገቢ ነው። መታጠቢያ ክፍል አይንቀሳቀስም፣ አይረገጥም፣ በሞተር አይንቀጠቀጥም። በዚያ ላይ የሕንፃ ዕቃ መደብር የምናገኘው አብዛኛው ሲሊኮን እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ነው፤ የሚያወጣው አሲድ ብረት ይበላል። ከሁሉም የከፋው ግን ሲሊኮን ከተነሣ በኋላ የሚተወው ቅባት ነው። በእሱ ላይ ሌላ ማጣበቂያ አይይዝም፤ ሁለተኛው ሲሊኮን እንኳ በመጀመሪያው ላይ በደንብ አይይዝም። ጣና ዳር ሁለተኛውን ሲቀባ በአሮጌው ቅባት ላይ ነው የቀባው።

የደቅ_ልጅ · ጥር 20

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ያደግሁት ግን በደንገል ታንኳ መካከል ነውና ያየሁትን ልናገር።

ታንኳ ሆድ የለውም። ውኃ በደንገሉ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ቢሆንም እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ዳር እንደደረሰ ይጎትተዋል፣ ያቆመዋል፣ ፀሐይና ነፋስ ያሳልፍበታል። አባቴ እርጥብ ታንኳ ላይ አዲስ ደንገል አያስርም ነበር። «እርጥቡን ብታስረው ብስባሹን አሰርህ» ይለን ነበር። የፋይበር ግላስ ጀልባም ውኃ የጠጣ ነገር በውስጡ ካለ በላዩ የሚደፈነው ሁሉ ውኃውን ከውስጥ ማሰር ይመስለኛል። ወንድሜ፣ ጀልባህን ሳታደርቅ እንዳትደፍናት። ሁለት ሳምንት ሥራ መቅረት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአንተ ጋር የሚሳፈሩት ግን የእኛ እናቶች ናቸው።

ጣና_ዳር · ጥር 23

እኅቴ፣ ቃልሽ ልቤ ገብቷል። ጀልባዋን ካወጣኋት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ፈተናውን አደረግሁ። ለቀለም ባለቤቴ የቀቀለችውን የቀይ ሥር ውኃ ወሰድሁ፤ እንደ ልብ ይታያል። ክቡ መክደኛ ላይ ሳፈስ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ወረደ። በአራት ማዕዘኑ መክደኛ ጎማ ዙሪያ ምንም የለም! በመጨረሻ የመክደኛውን ፍሬም ገበታው ላይ በያዙት ብሎኖች ላይ በጠርሙስ ጠብ ሳደርግ፣ ከ12ቱ በአምስቱ በኩል ቀይ ውኃ ከሥር ፓውደሩ ላይ ተሰመረ። ከሁሉ የገረመኝ ከአንዱ ብሎን የገባው ውኃ በዚያው አልወጣም፤ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በሌላ ቦታ ነው የወጣው። ብሎኑን በካቻቢቴ ስፈታው እንደ ቡና አተላ ያለ ቡናማ የእንጨት ብስባሽ ይዞ ወጣ። ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው?

አሮጌ_ሞተር · ጥር 23

ገበታው ሙሉ ፋይበር ግላስ አይደለም ማለት ነው። በሁለት የፋይበር ግላስ ሽፋን መካከል ለጥንካሬ እንጨት አለበት። ብሎን ሲገባ ሽፋኑን ይበሳል፤ በብሎኑ ዙሪያ ያለው ማጣበቂያ ሲያረጅ ውኃው እንጨቱን ያገኛል፤ በእንጨቱ ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል። አንድ ስንዝር ርቆ የወጣው ለዚህ ነው። መክደኛውን ስትከፍትና ስትዘጋ ፍሬሙ በተነቃነቀ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል። አንተ ሲሊኮን የቀባኸው በጎማው በኩል ነበር፤ ውኃው የሚገባው በብሎኑ ነው። የደቅ ልጅ ያለችውም በትክክል የደረሰው እዚህ ነው።

ብስባሹ እስከ የት እንደሄደ በካቻቢቴ እጀታ እየመታህ አዳምጥ። ደረቁ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ንገረኝ።

ጣና_ዳር · ጥር 23

በአራቱ ብሎኖች ዙሪያ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ነው። በአምስተኛው በኩል መዳፍ ያህላል።

አሮጌ_ሞተር · ጥር 24

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ገበታውን መቁረጥ አያስፈልግህም። እንዲህ አድርግ።

ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ አንሣው። አሮጌውን ሲሊኮን በስለት ፍቀህ አውጣ፤ ቀጥሎ በአሴቶን ጥረግ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እሸው፤ እንደገና በአሴቶን ጥረግ። አሴቶን ከማሸት በፊት መምጣቱ ዋና ነገር ነው፤ አለዚያ ቅባቱን በወረቀቱ ወደ ውስጥ ትፈትገዋለህ።

የአምስቱን ብሎኖች ቀዳዳ ሰፋ አድርገህ ብሳ፤ የታችኛውን ሽፋን ግን አትንካ። የምስማር ጫፍ አጥፈህ መሰርሰሪያው ላይ ግጠምና በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያለውን ብስባሽ እያዞርህ አውጣው። ጠንካራ፣ ነጣ ያለ እንጨት እስክታገኝ ድረስ አትቁም። ከዚያ አድርቅ። ጥር ነው፤ ፀሐዩም ነፋሱም ያንተ ነው፤ ይህ ሥራ በሐምሌ ቢሆን እንቢ እልህ ነበር። ቀን በፀሐይ አቁማት፣ ማታ ሸራ አልብሳት። ሳምንት ሙሉ። በመጨረሻው ምሽት ቀዳዳዎቹ ላይ ጥርት ያለ ላስቲክ በፕላስተር ለጥፍ፤ ጠዋት ከላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ካየህ ገና ነው።

ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን በወፍራም ኢፖክሲ ሙላ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአገራችን የፋይበር ሥራ የለመድነው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ላይ ማጠንከሪያ ጨመር ሲያደርጉ ቶሎ ይጠነክራል። ኢፖክሲ እንደዚያ አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ካልተቀላቀሉ ለዘለዓለም የሚያጣብቅ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በትንሽ በትንሹ አዋሕድ፤ ብዙ በአንድ ዕቃ ካዋሐድህ በራሱ ሙቀት ይፈላል። ሲጠነክር ቀጭን ቀዳዳ በኢፖክሲው መካከል ብሳ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

ለማኅተሙ የጀልባ ፖሊዩረቴን ማጣበቂያ ፈልግ። ሲካፍሌክስ 291 ወይም 3ኤም 4200 ይሆናል። 5200 የሚባለውን አትጠቀም፤ እሱ ለዘለቄታው የሚያጣብቅ ነው። ፍሬሙን አንድ ቀን ለማንሣት ብትፈልግ የጀልባውን ቀለም ይዞ ይነሣል። ማጣበቂያውን ከብሎኖቹ ወደ ውስጥ በኩል አንድ ሙሉ ቀለበት ሳይቋረጥ አስምር፤ በእያንዳንዱ ብሎን ዙሪያም ትንሽ ቀለበት ጨምር። መጀመሪያ በእጅህ ብቻ አጥብቅ፤ ማጣበቂያው ሁሉ ተጨፍልቆ መውጣት የለበትም፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከሥር ይቅር።

በመጨረሻም ትዕግሥት። ይህ ዓይነት ማጣበቂያ የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው፤ የእኛ የበጋ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ አትመነው። ሳምንት ስጠው።

ደብረ_ማርቆስ_ብየዳ · ጥር 24

ስለ ቤንዚን ትነት ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ሆዱ ውስጥ መሰርሰሪያ ወይም መብራት ከማስገባትህ በፊት መክደኛውን ከፍተህ በደንብ አናፍስ፣ የባትሪውን ገመድ አውጣ፣ የቤንዚን ቱቦዎቹን ሽታ ፈትሽ። አሴቶንም ራሱ እንደ ቤንዚን ነው የሚቀጣጠለው። በየዕለቱም ሞተር ከማስነሣትህ በፊት ማናፈሻውን አራት ደቂቃ አሠራው። በብየዳ ሥራዬ የነዳጅ ዕቃ ባዶ ነው ተብሎ ሲፈነዳ አይቻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ዘጌ_ማዶ · ጥር 25

ጋሼ፣ ክቡ መክደኛ ጠብታ አወጣ ብሏልኮ፤ ስለ እሱ አልተናገሩም።

አሮጌ_ሞተር · ጥር 25

እውነትህን ነው። እሱ ቀላል ነው። የጎማ ቀለበቱን በአዲስ ይቀይር፤ የጎማውን መቀመጫ ከደለል ያጽዳ፤ ለጎማ የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀባ። የመኪና ግሪስ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ከዚህ በኋላ በከፈተ ቁጥር መቀመጫውን በጨርቅ ሳይጠርግ እንዳይዘጋ። መዝጊያው መቆለፉንም በእጁ ያረጋግጥ፤ ሞተሩ ሲነሣ የፓምፑ ግፊት ያልተቆለፈን መክደኛ ሊያነሣው ይችላል።

ጣና_ዳር · የካቲት 11

ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዘጠኝ ቀን ነው ያደረቅኋት። በሰባተኛው ማታ ላስቲኩን ስለጥፍ ጠዋት ጤዛ ነበረው፤ ልቤ «ይበቃል» ሲለኝ የደቅ ልጅን ቃል አስቤ ሁለት ቀን ጨመርሁ። በዘጠነኛው ጠዋት ላስቲኩ ደረቅ ነበር። ኢፖክሲውን በመርፌ መለኪያ ለክቼ ነው ያዋሐድሁት። ማጣበቂያውን ከአዲስ አበባ አስላክሁ፤ ከቀባሁም በኋላ ስድስት ቀን ጠበቅሁ።

ትናንት ወደ ውኃው ገባች። ብቻዬን ሆኜ፣ ሰባት ሰው በሚያህል የአሸዋ ከረጢት ከኋላ ጭኜ፣ ገበታው ውኃ እስኪተኛበት ድረስ ሦስት ሰዓት አቆምኋት። ስከፍት በገበታው ሥር የተነፋው ፓውደር እንደ ነጣ ነው። አንድ ጠብታ የለም። በአሸዋ ሳልፈትናት ሰው ጭኜ አለመሄዴ ደስ አለኝ።

ከዚያ ግን ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ደርሼ ስመለስ ከሞተሩ በስተግራ አንድ ኩባያ የማትሞላ ውኃ አገኘሁ። በዚህኛው ጊዜ የመጣው ስሮጥ ነው። ጋሼ፣ ገበታው ነው ብዬ ልደንግጥ?

አሮጌ_ሞተር · የካቲት 11

አትደንግጥ። ስትሮጥ ከሆነ ገበታው አይደለም። በተሳቢ ላይ አድርጋት፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ውኃ ክፈት፤ በግራ በኩል ያሉትን የማቀዝቀዣ ቱቦዎች አንድ በአንድ በደረቅ ወረቀት ጠቅልልና የሚረጥበውን ፈልግ። የማጥበቂያ ቀለበት ይሆናል።

ጣና_ዳር · የካቲት 12

ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ሁለተኛው ቱቦ ነው። ቀለበቱ ዝጎ ተሰንጥቋል። በማይዝግ ብረት ቀይሬ ሁለት ጊዜ ዘጌ ደርሼ መጣሁ፤ ሆዷ ደረቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጆንያና ቅርጫት የሚጫነው መሐል ላይ ነው፤ ረዳቴም ከፊት ይቀመጣል። የፓውደሩን ጣሳ ከጀልባዋ አላወጣውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እነፋለሁ።

የደቅ_ልጅ · የካቲት 12

እሰይ ወንድሜ። በዳግማ ትንሣኤ ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ነንና በአንተ ጀልባ እንሻገራለን።